ከኮተቤ እስከ መተማ፦ የሕክምና ምርምር ብሔራዊ መረብ ለምን ያስፈልጋል?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኮሮና ቫይረስ ታማሚ ይፋ ስታደርግ፣ በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ በእንጦጦ ተራሮች ግርጌ የሚገኘው የኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል የአገርን ሸክም ተሸከመ። የወረርሽኙ የመጀመሪያ የሕክምና ማዕከል ሆኖ ታማሚዎችን ተቀበለ። ለወራት ኮተቤ የሚለው ስም ከሠፈር መጠሪያነት አልፎ በየቤቱ የሥጋትም የተስፋም ቃል ሆኖ ከረመ።

በእነዚያ ወራት በኮተቤ የነበሩት ሐኪሞች፣ በዓለም ዙሪያ እንደነበሩት የሙያ አጋሮቻቸው ሁሉ፣ አንድ ጥያቄ ነበራቸው፦ ኦክስጅን ለሚያስፈልገው ታማሚ ሕይወቱን የሚያተርፍለት መድኃኒት የትኛው ነው? መልሱ ሰኔ 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ከብሪታንያ ተሰማ። በ176 ሆስፒታሎች የተካሄደ አንድ የጋራ ምርምር፣ ዴክሳሜታዞን የተባለው ርካሽና የቆየ መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱ ታማሚዎች መካከል የሚሞቱትን በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጅን ከሚሰጣቸው መካከል የሚሞቱትን ደግሞ በአንድ አምስተኛ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርም በቀናት ውስጥ መድኃኒቱ በጽኑ ለታመሙ ሰዎች እንዲሰጥ ምክረ ሐሳብ አቀረበ።

ዴክሳሜታዞን ለኢትዮጵያ አዲስ አልነበረም። ለዓመታት ለሌሎች ሕመሞች ሲታዘዝ የኖረ መድኃኒት ነው። የጎደለው ለዚህ በሽታ እንደሚጠቅም የሚያሳየው ማስረጃ ነበር። በብሪታንያ ማስረጃው የተገኘው ምርምሩ በተጀመረ በ100 ቀናት ገደማ ሲሆን፣ ቀላልና መካከለኛ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የሚሆን መድኃኒት ለመፈለግ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ13 የአፍሪካ አገሮች የታቀደው “አንቲኮቭ” የተሰኘው ምርምር ይፋ የሆነው ግን ኅዳር 2013 ዓ.ም. ነበር። የጊዜው ልዩነት ከሐኪሞች ትጋት የመጣ አይደለም። ከኤካ ኮተቤ የታማሚ መዛግብት የተነሡ የጥናት ጽሑፎች ታትመዋል። ሆኖም ማን ታመመ፣ ማን ዳነ፣ ማን ሞተ ብሎ መመዝገብ አንድ ነገር ነው፤ የትኛው ሕክምና ከየትኛው እንደሚሻል አወዳድሮ ማረጋገጥ ሌላ ነው። ሁለተኛው አስቀድሞ የተዘረጋ መረብ ይፈልጋል።

የማሳው ምሳሌ

ነገሩን አርሶ አደር ከማንም በላይ ይረዳዋል። “ቁንጮ” የተባለው የጤፍ ዝርያ በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ሲለቀቅ፣ በአንድ ማሳ ላይ አምሮ ስለታየ ብቻ አልነበረም። አንድ ዝርያ ለገበሬው እጅ ከመብቃቱ በፊት በተለያየ አፈር፣ በተለያየ ከፍታና ዝናብ፣ ከነባሩ ዝርያ ጎን ለጎን ተዘርቶ ይፈተሻል። አንድ ማሳ ላይ የታየ ምርት የአፈሩ ለምነት ወይም የዘመኑ ዝናብ ውጤት ሊሆን ይችላልና።

የሕክምና ምርምርም በዚሁ መርሕ ይመራል። ፈቃደኛ ታማሚዎች በዕጣ በሁለት ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን የተለመደውን ሕክምና፣ ሌላው አዲሱን ያገኛል። ዕጣው ያስፈለገው ሐኪሙ ሳያውቀው ጠንካራውን ታማሚ ወደ አንዱ፣ ደካማውን ወደ ሌላው እንዳያደላ ነው። ሁለቱም ወገኖች በእኩል ዓይን ይጠበቃሉ፤ በመጨረሻም ውጤታቸው ይነጻጸራል።

ቁጥር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። በብሪታንያው ምርምር የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ ካገኙት 100 ታማሚዎች 26 ያህሉ ሲሞቱ፣ ዴክሳሜታዞን ከተጨመረላቸው 100 ታማሚዎች የሞቱት 23 ያህል ነበሩ። በአንድ ሆስፒታል መቶ ሁለት መቶ ሰው ቢመረመር ይህን የሦስት ሰው ልዩነት ከአጋጣሚ መለየት አይቻልም። በምርምሩ መድኃኒቱ የተነጻጸረው ከ6,400 በሚበልጡ ታማሚዎች ላይ ነው። ይህን ያህል ሰው በአጭር ጊዜ ማግኘት የተቻለውም ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ባቋቋመችው ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋም አማካይነት በየሆስፒታሉ የምርምር ነርሶችን፣ የጋራ ቅጽንና የጋራ አሠራርን አስቀድማ ስላደራጀች ነው። ወረርሽኙ ሲመጣ መረቡ ተዘርግቶ ነበር።

መረቡ ሲሠራ ምን እንደሚያስገኝ

ኢትዮጵያ የዚህ ዓይነት አሠራር እንግዳ አይደለችም። ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ የካላ አዛር ነው። ከጎንደር ደጋማ አካባቢዎች ለሰሊጥና ለማሽላ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች በሜዳ ሲያድሩ በአሸዋ ዝንብ ይነደፋሉ። በሽታው ስፕሊንን ያሳብጣል፣ ሰውነትን ያመነምናል፤ ካልታከመ ይገድላል። የቆየው ሕክምና ለ30 ቀናት በየዕለቱ የሚወጋ መርፌ ነበር። ለአንድ የቀን ሠራተኛ አንድ ወር ሙሉ ሆስፒታል መተኛት የወቅቱን ገቢ እንዳለ ማጣት ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮጵያ፣ የሱዳን፣ የኬንያና የኡጋንዳ ተመራማሪዎች ከዓለም አቀፍ አጋሮች ጋር የምሥራቅ አፍሪካን የካላ አዛር ምርምር መድረክ መሠረቱ። ከፈተሿቸው መድኃኒቶች አንዱ ፓሮሞማይሲን ነበር። በህንድ ከ100 ታማሚዎች 95 ያህሉን ያዳነው ይኸው መድኃኒት፣ በተመሳሳይ መጠን ለ21 ቀናት በምሥራቅ አፍሪካ ሲሰጥ የዳኑት 64 ያህል ብቻ ሆኑ፤ ነባሩ መርፌ ግን 92 ያህሉን አድኗል። በተለይ በሱዳን ሁለት ጣቢያዎች ውጤቱ እጅግ ዝቅተኛ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አስራት ኃይሉ በቀዳሚ ጸሐፊነት የተሳተፉበት ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። የህንዱ ማስረጃ እንዳለ ተቀድቶ ቢሠራበት ኖሮ ከመቶ ታማሚዎች ከሠላሳ የሚበልጡት ሳይድኑ ይቀሩ ነበር። የመረቡ አባላት ግን በዚያ አላቆሙም። ፓሮሞማይሲንን ከነባሩ መርፌ ጋር አጣምረው ለ17 ቀናት ሲሰጡ ከ100 ሰዎች 91 ያህሉ ዳኑ፤ ይህም ከ30 ቀኑ ሕክምና ጋር የሚቀራረብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ጥምር ሕክምናው በምሥራቅ አፍሪካ ቀዳሚ እንዲሆን መከረ። ለቀን ሠራተኛው የ13 ቀናት መርፌና የ13 ቀናት አልጋ ቀረለት ማለት ነው። ቆየት ብሎም በጎንደርና በአብደራፊ የተካሄደ ጥናት፣ ካላ አዛርና ኤች አይ ቪ በአንድነት ለያዛቸው ሰዎች የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ላወጣው የሕክምና መመሪያ መሠረት ከሆኑት አንዱ ሆኗል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከኮተቤ ብዙም ሳይርቅ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ይገኛል። የቅዱስ ጴጥሮስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በኢትዮጵያ የተጀመረበት ተቋም ነው። ሆስፒታሉና በዘነበወርቅ የሚገኘው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ከሞንጎሊያ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከቬትናም ሆስፒታሎች ጋር በተካፈሉበት ዓለም አቀፍ ምርምር፣ 20 ወራት ይወስድ የነበረው ሕክምና ከ9 እስከ 11 ወራት ቢያጥርም ውጤቱ እንደማይጓደል በ424 ታማሚዎች ላይ ታየ። በቀጠለው ሁለተኛ ምዕራፍ ደግሞ መርፌን በሚዋጥ መድኃኒት የተካው የ9 ወር ሕክምና የተሻለ ውጤት አስገኘ፤ መርፌው በጆሮ ላይ ያደርስ የነበረውን ጉዳትም ቀነሰ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው የመድኃኒት ጊዜ ወደ ዘጠኝ ወር ሲወርድ፣ ከሥራና ከቤተሰብ መለየትም በዚያው ልክ ያጥራል።

ከጎጃም ገጠር የወጣ ማስረጃ

ምርምር ሲባል ነጭ ካፖርትና ትልቅ ሆስፒታል ብቻ ለሚታያቸው፣ የምሥራቅ ጎጃም ሁለት ወረዳዎች ሌላ መልስ አላቸው። በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በ72 ንዑሳን ቀበሌዎች የተካሄደ ጥናት ዓላማው ትራኮማን ለመከላከል የሚታደለውን አዚትሮማይሲን አሰጣጥ መፈተሽ ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን ያልተጠበቀ ነገር አስተዋሉ። መድኃኒቱ በታደለባቸው ቀበሌዎች ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት የሆኑ ልጆች የመሞት ዕድል፣ ዕደላው ለአንድ ዓመት ከዘገየባቸው ቀበሌዎች ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ዝቅ ያለ ነበር።

ይህ ግኝት በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ ለተካሄደ እጅግ ሰፊ ምርምር ከመነሻዎቹ አንዱ ሆነ፤ በዚያም የሕፃናት ሞት ከ13 በመቶ በላይ ቀንሶ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ሞት ከፍተኛ ለሆነባቸው አካባቢዎች በጉዳዩ ላይ መመሪያ አወጣ። የጎንቻ እናቶችና አባቶች ልጆቻቸውን ወደ መድኃኒት ዕደላው ይዘው በመውጣታቸው፣ ስማቸውን ሰምተው የማያውቁ የሩቅ አገር ልጆች ተጠቅመዋል።

በአነደድ ወረዳ የተካሄደው ሌላው ጥናት ጫማ ሳያደርጉ በቀይ አፈር ላይ በሚሠሩ አርሶ አደሮች ላይ ስለሚከሠተው የእግር እብጠት፣ በተለምዶ ዝሆኔ ስለሚባለው ሕመም ነበር። 696 ሰዎች ተሳተፉበት። እግርን በአግባቡ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ የሚያስተምር ቀላል እንክብካቤ ያገኙት ሰዎች፣ የሚያስተኛው የእግር ትኩሳትና ሕመም በአንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰላቸው። ለእርሻ ቤተሰብ ይህ የሥራ ቀን ማትረፍ ነው። ያለ ንጽጽር ጥናት ግን የበጀት ባለሥልጣንን “ይህ በእርግጥ ይጠቅማል” ብሎ ማሳመን አይቻልም ነበር።

ቁርጥራጩ አለ፤ የሚያያይዘው ክር ቀጭን ነው

አገሪቱ ከዜሮ አትነሣም። አርማወር ሐንሰን ከሥጋ ደዌ ምርምር ተነሥቶ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ተቋም ነው። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የላቦራቶሪና የቅኝት አቅም አለው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአዳዲስ መድኃኒቶች ልማትና የሕክምና ሙከራ ማዕከል ተቋቁሟል። በመድኃኒት ላይ የሚደረግን ሙከራ የሚፈቅደውና የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን፣ የተሳታፊዎችን መብት የሚመለከት ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴም አለ።

መረብ የመዘርጋት ልምድም አልጠፋም። ከቡታጅራ የጀመረው ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን በየቤቱ እየዞሩ የመመዝገብ ሥራ ወደ ጊልገል ጊቤ፣ ወደ ዳባት፣ ወደ ቀርሳ፣ ወደ ክልተ አውላዕሎና ወደ አርባ ምንጭ ተስፋፍቶ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ በአንድ የምርምር ማዕከላት መረብ ተሳስረዋል። በሰሜን ሸዋም “ብርሃን” የተሰኘው የምርምር ጣቢያ በአንጎለላ ጠራና በቀወት አካባቢዎች እናቶችንና ሕፃናትን ይከታተላል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ቁርጥራጮች በአብዛኛው የሚገናኙት አንድ የውጭ ፕሮጀክት ሲያገናኛቸው ነው። ፕሮጀክቱ ሲመጣ ነርሶች ይቀጠራሉ፣ ይሠለጥናሉ፤ ማቀዝቀዣና ኮምፒውተር ይገዛል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የሠለጠነው ሰው ይበተናል። ቀጣዩ ምርምር ሲመጣ ሥልጠናው እንደገና ከሀ ይጀምራል። በተለያዩ ሆስፒታሎች የሚካሄድ አንድ ምርምር በየተቋሙ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ዘንድ እየዞረ ተደጋጋሚ ግምገማ ሲጠብቅም ወራት ያልፋሉ። በወረርሽኝ ጊዜ ወራት የሚለኩት በሰው ሕይወት ነው።

የገንዘቡ ጥገኝነት አደጋ በቅርቡ በገሃድ ታይቷል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በድንገት ሲያግድ በበርካታ አገሮች የተጀመሩ የሕክምና ምርምሮች ባሉበት ቆመዋል፤ በደቡብ አፍሪካ የሚመራው የኤች አይ ቪ ክትባት ምርምር አንዱ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ የተሳተፈበት የሳንባ ነቀርሳ ምርምር ዋና ገንዘብ የመጣውም ከዚሁ የአሜሪካ የልማት ድርጅት ነበር፤ ያ ምርምር ቀድሞ በመጠናቀቁ ውጤቱ ተረፈ። በጅምር ላይ ሳለ የሚቋረጥ ምርምር ግን ገንዘብ ከማባከኑም በላይ፣ አምኖ የገባውን ታማሚ ያለ ክትትል ይተወዋል።

በአማራ ክልል ደግሞ የጸጥታው ሁኔታ ሌላ ፈተና ነው። ምርምር ታማሚው በተቀጠረበት ቀን መመለሱን፣ የደም ናሙና ሳይበላሽ መድረሱን፣ መንገድና ስልክ መሥራታቸውን ይጠይቃል። መንገድ ሲዘጋ የሚጎድለው የተመራማሪው መረጃ ብቻ ሳይሆን የታማሚው መድኃኒትም ነው። ብሔራዊ መረብ ይህን ችግር በራሱ አይፈታም፤ ነገር ግን አንድ ጣቢያ ቢስተጓጎል ታማሚው በአቅራቢያው ባለ ሌላ የመረቡ አባል ተቋም ክትትሉን እንዲቀጥል ዕድል ይሰጣል።

“መጀመሪያ መድኃኒት ይኑር” የሚለው ክርክር

በዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ጤና ጣቢያው የወባ ክኒን፣ ሆስፒታሉ ጓንት በሚያጥረው አገር ለምርምር መረብ ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት አይሆንም ወይ? ጥያቄው ቀላል መልስ የለውም፤ የበጀት ብር አንድ ነው፤ ለአንዱ ሲሰጥ ከሌላው ይቀነሳል።

ሆኖም የካላ አዛሩ ታሪክ ሌላውን ወገን ያሳያል። ሕክምናው ከ30 ወደ 17 ቀናት ሲያጥር እያንዳንዱ የሆስፒታል አልጋ ቀድሞ ያስተናግድ ከነበረው ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ታማሚ ሊያስተናግድ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ሲያጥርም እንዲሁ። የማይሠራ መድኃኒት በየዓመቱ መግዛት ከምርምር ወጪ ይልቅ ይከብዳል። ደግሞም መረቡ አዲስ ሕንፃ አይሻም፤ በዋናነት የሚፈልገው ባሉት ሆስፒታሎች ውስጥ ቋሚ የምርምር ነርሶችና የመረጃ ባለሙያዎች፣ አንድ ወጥ የመመዝገቢያ ቅጽ፣ በአንድ ኮሚቴ የተገመገመን ሰነድ ሌሎቹ የሚቀበሉበት ስምምነትና በመንግሥት በጀት የተያዘ፣ ትንሽም ቢሆን የማይቋረጥ ገንዘብ ነው።

ክርክሩ የሚያስገነዝበው ሌላ ነገርም አለ። የምርምር ጥያቄዎቹ ከሕዝቡ ችግር መነሣት አለባቸው። መረቡ የውጭ ድርጅቶችን ጥያቄ በርካሽ የሚያስመልስ ብቻ ከሆነ፣ ተቃዋሚዎቹ ትክክል ይሆናሉ። የቀን ሠራተኛው ካላ አዛር፣ የአርሶ አደሩ እግር፣ የነፍሰ ጡሯ ደም ማነስ፣ የእባብ ንክሻ በጥያቄዎቹ ዝርዝር ላይ ቀዳሚ ቦታ ሲያገኙ ብቻ ነው መረቡ ብሔራዊ የሚሰኘው።

የተሳታፊው መብት

መረቡ የሚቆመው በታማሚው እምነት ላይ ነው። በአንድ ምርምር እንዲሳተፍ የተጠየቀ ሰው፣ ወይም ልጁ እንዲሳተፍ የተጠየቀ ወላጅ፣ ከመስማማቱ በፊት በሚገባው ቋንቋ ማብራሪያ የማግኘት መብት አለው። የሚፈተሸው መድኃኒት ምንድን ነው? የሚታወቀው ጉዳቱስ? በዕጣ ሌላው ወገን ቢደርሰኝ ምን አገኛለሁ? ጉዳት ቢደርስብኝ ማን ያክመኛል? ደሜ የት ይላካል፣ ለስንት ጊዜ ይቀመጣል? ውጤቱን ማን ይነግረኛል? እነዚህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ያልጠየቀም ቢሆን ሊነገረው ይገባል። አልሳተፍም ያለ ታማሚ የሚገባውን መደበኛ ሕክምና አይነፈግም፤ ከጀመረ በኋላም በፈለገ ጊዜ መውጣት ይችላል።

የማንበብ ችሎታ የሌለው ሰው በጣት አሻራ ከመፈረሙ በፊት ሰነዱ ገለልተኛ ምስክር ባለበት ሊነበብለት ይገባል። የሐኪሙን ክብር ፈርቶ ወይም ነጻ ሕክምናው ይቀርብኛል ብሎ የሰጠው እሺታ ፈቃድ አይባልም። በገጠር ከአገር ሽማግሌዎችና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር አስቀድሞ መመካከር የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ ግን የሽማግሌው ይሁንታ የግለሰቡን ፈቃድ አይተካም።

በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ውጤትን መልሶ ማሳወቅ ነው። ጥናቱ በባሕር ማዶ መጽሔት በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ ደሙን የሰጠው ገበሬ ግን ምን እንደተገኘ ሳይሰማ ይቀራል። የጎንቻና የአነደድ ነዋሪዎች ለዓለም ያበረከቱትን በገዛ ቋንቋቸው፣ በቀበሌ ስብሰባም ሆነ በሬዲዮ የመስማት መብት አላቸው። ውጤቱን የሰማ ሕዝብ ለቀጣዩ ጥያቄ በሩን ይከፍታል፤ ያልሰማ ሕዝብ “ደማችንን ወስደው ጠፉ” ቢል አይፈረድበትም።

መለኪያው

ቀጣዩ ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ካላ አዛርና ወባ ግን በየዓመቱ በወቅታቸው ይመለሳሉ። የመረቡ ጥንካሬ መፈተን ያለበት በእነዚህ ነው። የታማሚ መዝገብ በኮተቤ፣ በጎንደርና በአርባ ምንጭ በአንድ ዓይነት ቅጽ ይያዛል ወይ? አንድ የምርምር ሰነድ ከቀረበበት ቀን አንሥቶ የመጀመሪያው ታማሚ እስኪመዘገብ ስንት ቀን ይፈጃል? የውጭው ገንዘብ ቢቆም የምርምር ነርሷ ደመወዝ በሚቀጥለው ወር ይከፈላል ወይ? የመጨረሻውን ጥናት ውጤት የተሳተፈበት ቀበሌ ሰምቷል ወይ? እነዚህ አራት ጥያቄዎች “አዎን” ወይም “ይህን ያህል ቀን” የሚል መልስ ካገኙ መረቡ አለ ማለት ነው። ካላገኙ ግን፣ ያሉት ብዙ መልካም ተቋማት ናቸው፤ እርስ በርስ ያልተሳሰሩ።